ጡረታ ወጥቼ የገዛሁት የመኝታ ዶልፊን፦ ከአንድ በጋ በኋላ

ሰው ሁሉ መጨረሻ ላይ የሚጠይቀኝን ከመጀመሪያው ልመልስ። እንደገና ብትገዛ ትገዛዋለህ ወይ? መኪናውን፣ አዎ፣ ዓይኔን ሳላሽ። ውስጡ የተገጠመውን ዕቃ ግን ግማሹን አልደግመውም።

መኪናው ቶዮታ ሃይኤስ ነው፣ ዶልፊን የምንለው። ሞተሩ 5ኤል፣ 2,986 ሲሲ፣ ናፍጣ፣ ተርቦ (አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው) የሌለው። የቀድሞው ባለቤት ክፍለ ሀገር ለሥራ ሲወጣ እንዲያድርበት ወንበሮቹን አስነስቶ አልጋ አሠርቶበታል። ሁለት የቺፑድ ሳጥን፣ የቡታጋዝ ቦታ፣ ጣሪያው ላይ አንድ ሶላር። እኔ የገዛሁት እንዳለ ነው። ገንዘቡ የመጣው ከአሮጌዋ ኮሮላ ዲኤክሴና ከእቁብ ነው። ዋጋውን አልጽፍም፤ ይህን አንብባችሁ ደላላ ጋ እስክትደርሱ ይለወጣል። በ2016 በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደህና አሮጌ መኪና የያዘ ሰው ለመሸጥ አይቸኩልም።

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። እኔ ጉልበቴን ያመኛል፣ እሷ ስኳር አለባት፣ ኢንሱሊን ትወጋለች። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልን አይደለም። ግምገማው ከዚህ ተነስቶ ስለሆነ ነው። የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ይህንኑ መኪና ቢገዛ ሌላ ነገር ይጽፋል።

"ሆቴል አይሻልም?" ይሉኛል። በብር ከሆነ ሆቴል ይሻላል። ናፍጣው፣ ጎማው፣ ዘይቱ፣ ኢንሹራንሱ፣ ቦሎው ሲደመር ላንጋኖ ዳር ደህና ክፍል ብዙ ሌሊት ያስተኛል። ገንዘብ ለመቆጠብ ብላችሁ አትግዙ። እኛ ያገኘነው ሌላ ነው። መድኃኒቷ ከአጠገቧ አይርቅም፣ ምግቧን በሰዓቷ ትበላለች፣ እኔም ሌሊት ስነሳ የማላውቀው ቤት ውስጥ ማብሪያ ፍለጋ ግድግዳ አልዳብስም።

ገበያ ላይ ሳለሁ አንድ ደላላ የፈረንጅ ሞተርሆም አሳይቶኝ ነበር። የውጭ ሰሌዳ የለጠፈ ፊያት ዱካቶ። ሻወር አለው፣ ሽንት ቤት አለው፣ ምድጃው ባለ ሦስት ዓይን ነው። ልቤ ሸፈተ። ግን እንዲህ ያለው መኪና ብዙ ጊዜ የሚገባው ለጉዞ ብቻ ነው፣ በካርኔ (መኪናው ተመልሶ እንደሚወጣ ዋስትና በሚሆን የጉዞ ወረቀት) ወይም በጊዜያዊ ፈቃድ። ቀረጥ አልተከፈለበትም። ቀረጡ ካልተከፈለ ስሙ ወደ እናንተ አይዞርም፣ ሊብሬም የለም። ይህ ሁሉ ቢስተካከል እንኳ ሶማሌ ተራ ውረዱና የዱካቶ ፍሪሲዮን ጠይቁ። ባለ ሱቁ ቀና ብሎ ያያችኋል፣ ያው ነው። የዶልፊን ስትጠይቁ ግን መልሱ "ኦርጅናል ነው ታይዋን?" ነው።

በእኔ እምነት ትልቁ ነገር እሱ ነው። የመኝታ መኪና የሚገዛ ሰው ቀድሞ የሚያየው አልጋውንና ምድጃውን ነው። እነሱን ማንም አናጺ ይሠራላችኋል። ባቱ ላይ ወይም ሞጆ ላይ መኪናው ሲቆም ግን የመጀመሪያው መካኒክ ሞተሩን የሚያውቀው መሆን አለበት። የእኛ አንዴ የውሃ ቱቦው ተሰንጥቆ መንገድ ላይ ቆመ። ከጎሚስታ ቤት የተጠራው ልጅ የፊት ወንበሩን ገልብጦ (የዶልፊን ሞተር ከወንበሩ ሥር ነው) ሳይጠይቀኝ እጁን የሚፈልገው ቦታ ላይ አሳረፈ። ሻይ ጠጥተን ሳንጨርስ ተነሳን።

ዶልፊን ስትገዙ የምትፈሩት የታክሲ ታሪኩን ነው። ሻጩ ሁሉ "ታክሲ ሠርቶ አያውቅም፣ የቤት መኪና ነው" ይላል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አትመኑ፤ ወደ ኋላ መመለስ ቀላል ነው። እኔ ያየሁት በሩን ነው። ተንሸራታቹ በር የሚሄድበትን የታች ሐዲድ በጣቴ ዳበስኩ፣ የተበላ መሆኑን ለማየት። ከበሩ በላይ ወያላ የሚይዘውን እጀታም አየሁ። ብዙ የሠራ መኪና ላይ እጀታው ይላጣል፣ የመርገጫው ጠርዝም ቀለሙ ሄዶ ብረቱ ያበራል። የእግር ፔዳሎቹ ጎማም እንዲሁ ነው። ከዚያ የወለሉን ምንጣፍ አንስታችሁ ዝገቱን እዩ። የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ጠይቁ፤ ደረሰኝ ከሌለ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት። ይህ ሞተር በሰንሰለት ሳይሆን በቺንጋ ነው የሚሠራው፣ ከተበጠሰ ቫልቩን ይዞት ይሄዳል። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ ከሆነም ማን እንዳዞረው ማወቅ አይከፋም።

ወረቀቱን ባጭሩ። ውልና ማስረጃ ከመሄዳችሁ በፊት ዕዳና እገዳ እንደሌለበት አጣሩ። ከቀረጥ ነፃ የገባ መሆን አለመሆኑን ጠይቁ፤ ከሆነ ቀረጡ እናንተ ላይ እንዳይወድቅ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይግጠም፣ ዶልፊን ሞተሩ የተቀየረ ብዙ ነውና። ሊብሬው ላይ ያለው የሰው ብዛትም መኪናው ላይ ካለው ወንበርና ከመንጃ ፈቃዳችሁ ጋር መጣጣሙን እዩ።

አሁን ወደ ድክመቱ። ጉልበት የለውም። ጥፋቱ የሞተሩ ብቻ አይደለም፣ የከተማችንም ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ትበልጣለች። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። እኛ ግቢ ቆሞ እያለ ከአምስት እጅ አንዱ ሄዷል ማለት ነው። በዚያ ላይ አልጋው፣ ባትሪው፣ ውሃው፣ እኛ። እንጦጦን በሁለተኛ ማርሽ ነው የሚወጣው፣ ጥቁር ጭስ እየተፋ። ጭሱ አየር ያነሰው ናፍጣ ሳይቃጠል የሚወጣ ነው። ፖምፓውንና ኖዝሉን ማስተካከል ትንሽ ረድቶታል። ወደ ላንጋኖ መውረዱ ደስ ይላል፣ መመለሱ ነው ችግሩ። ስለዚህ ስንመለስ ሞጆ ላይ የውሃ ጀሪካኖቹን ባዶ አደርጋለሁ። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው። ባለቤቴ ትስቅብኛለች። ትሳቅ።

የናፍጣ ፍጆታው በመቶ ኪሎ ሜትር ከ10 እስከ 12 ሊትር ነው፣ በቀስታ ከተነዳ። ከ80 በላይ ሲሆን ጩኸቱ ጨዋታ አያስጨርስም።

ፍሪጁ ላይ ትንሽ ልቆይ። መኪናው ሲመጣ የነበረው ትንሽ የቤት ፍሪጅ ነው፣ በኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት በሚቀይር ዕቃ) የሚሠራ። ሶላር እያለ ምን ችግር አለ ትላላችሁ። ኢንቨርተሩ ራሱ ይበላል፣ የቤት ፍሪጅ ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ ብዙ ኃይል በአንዴ ይስባል። ባትሪውም ተራ የመኪና ባትሪ ነበር። እንዲህ ያለ ባትሪ ሞተር ለማስነሳት እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ለመጥባት አልተሠራም፤ ደጋግሞ ከግማሽ በታች ከወረደ ይሞታል። ሞተም። ላንጋኖ ላይ እኩለ ሌሊት ፍሪጁ ጸጥ አለ። ኢንሱሊኑን በፎጣ ጠቅልለን አደርን።

አሁን በቀጥታ በ12 ቮልት የሚሠራ ኮምፕረሰር ፍሪጅና ዲፕ ሳይክል ባትሪ (ቀስ ብሎ ለረጅም ሰዓት ለመጠባት የተሠራ) አለን። ከመኪናው ቀጥሎ ብዙ ብር የወጣበት እሱ ነው፣ ቅር የማይለኝም እሱ ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል። የተከፈተው ብዙውን ጊዜ ከ30 ዲግሪ በታች እስከ 4 ሳምንት ይቆያል፣ ዓይነቱ ስለሚለያይ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ሰው የሚረሳው ብርዱን ነው። ኢንሱሊን አንዴ በረዶ ከሠራ ቢቀልጥም አይረባም። የእኛ ፍሪጅ የኋላ ግድግዳው በረዶ ይይዛል፤ ስለዚህ ብልቃጦቹን በፕላስቲክ ሣጥን አድርገን ከፊት፣ ቴርሞሜትሩን ከጎናቸው እናስቀምጣለን።

ሌላው ማንም ያልነገረኝ ትንፋሽ ነው። ወንጪ አፋፍ ላይ ስናድር፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ማለት ነው፣ ብርዱን ፈርተን መስኮቱን ሁሉ ጥርቅም አድርገን ዘጋን። ጎህ ሲቀድ ግንባሬ ላይ ጠብ አለ። ቀና ስል ያልተሸፈነው የጣሪያ ብረት ላይ የውሃ ነጠብጣብ ከዳር እስከ ዳር ተሰልፎ ተንጠልጥሏል፣ አንዱ ወፍሮ ሲወድቅ ቀጣዩ ይወፍራል። ጋቢው ረጥቧል። ሁለት ሰው ሌሊቱን የተነፈሰው ነው። አሁን ብርድም ቢሆን ግራና ቀኝ አንድ አንድ መስኮት በጣት ያህል ከፍቼ ነው የምተኛው። ብረቱን በስፖንጅና በጨርቅ አስለብሰነዋል። የቺፑድ ሳጥኖቹ ግን እርጥበቱን ጠጥተው አብጠዋል፣ አንዱ በሩ አይዘጋም። ከቺፑድ ራቁ።

ከሰል መኪና ውስጥ አይገባም። ፍሙ ጭስ ባይኖረውም የሚገድለው ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም። ቡናው ውጭ ይፈላል። የቡታጋዝ ጋዝ ደግሞ ከአየር ይከብዳል፤ ካፈተለከ ወለል ላይ ይተኛል። ስለዚህ ሲሊንደሩ ያለበት ሣጥን ወለሉ ላይ ወደ ውጭ የሚያወጣ ቀዳዳ ያስፈልገዋል። የእኛ አልነበረውም። አንድ ላሜራ ሠሪ በድሪል በስቶ አበቃለት።

ሽንት ቤቱ ባለ ክዳን ባልዲ ነው፣ ላዩ ላይ የፕላስቲክ መቀመጫ፣ ውስጡ ሰጋቱራ። ሰጋቱራውን ከአናጺ በነፃ ይሰጧችኋል፣ ሽታም ይይዛል። ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም። የበሩ መርገጫ ለጉልበት ከፍ ይላል፤ አንድ የእንጨት ሣጥን እንደ ደረጃ አሠራሁ፣ እሱም ከአናጺው ነው።

የት ነው የምታድሩት? መንገድ ዳር አናድርም፤ በዚህ ጊዜ አይመከርም። ከመነሳታችን በፊት ስለ መንገዱ እዚያ ያለ ሰው ደውለን እንጠይቃለን፣ ሳይመሽ እንደርሳለን፣ አጥርና ዘበኛ ያለው ግቢ እንገባለን። ሐይቅ ዳር ያሉ አንዳንድ ሎጆች ለድንኳን ቦታ ያስከፍላሉ፣ እኛንም በዚያው ዋጋ ያስገቡናል። አንዱ ዘበኛ ግራ ገብቶት፣

"አባቴ፣ አልጋ አለን እኮ!" አለኝ።

"አልጋማ እኔም ይዣለሁ፣ ልጄ።"

ውስጡን አሳየሁት። ጓደኛውን ጠርቶ መጣ።

ከተማ ውስጥ ነው የሚያስቸግረው። የኮሪደር ልማቱ ከተሠራ ወዲህ መሀል ከተማ መንገድ ዳር እንደ ድሮው መኪና አቁሞ መሄድ የለም። ምድር ቤት ፓርኪንግ ደግሞ ፖርቶመጋላውና ሶላሩ ቁመት ስለጨመሩበት መግቢያው ላይ የተጻፈውን ከፍታ ሳላነብ አልገባም። ኮንዶሚኒየም ግቢያችን ውስጥ ከአንድ መኪና በላይ ቦታ ይይዛል፣ መጀመሪያ ሰሞን ጎረቤቶች "ጋሼ፣ ታክሲ ሊያሠሩ ነው?" እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። ስታዲየም አካባቢ ቀስ ካልኩ ሰው እጁን ያነሳል። "ሳሪስ ነው?" ቀይ መብራት ላይ በሩን ከፍታ የገባች እናት ነበረች፣ አልጋውን አይታ "ውይ በሞትኩት!" ብላ ወረደች። ከዚያ ወዲህ በሩን ከውስጥ እቆልፋለሁ። ለከተማ ጉዳይ ራይድ እንጠራለን፣ መኪናው የሚወጣው ከከተማ ሲወጣ ብቻ ነው። የምንነሳውም ገና ሳይነጋ፣ ቱሉ ዲምቱን ከጭንቅንቁ በፊት ለማለፍ።

ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ጣሪያው አፈሰሰ። ሶላሩን የገጠመው ሰው ቡሎኖቹን ያለ ሲሊኮን ነበር ያሰራቸው። ፈትተን፣ ሲሊኮን አድርገን፣ መልሰን አጠበቅን። አሁን ደህና ነው።

ለመግዛት ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ሚኒባስ ከነሹፌሩ ተከራዩ፣ ፍራሽ ጫኑ፣ ቢሾፍቱ አንድ ግቢ ውስጥ አንድ ሌሊት እደሩበት። ሹፌሩን ክፍል ያዙለት። ወገባችሁና ትዳራችሁ ሌሊቱን ከቻሉት ያን ጊዜ ደላላ ፈልጉ።

ደላላ ስል አሁንም ይደውሉልኛል። ዶልፊን ወንበር ካለው ከመኝታ ይልቅ ለሥራ ነው የሚፈለገው፣ ዋጋውም ያኔ ይሻላል። ስገዛው ሻጩን ወንበሮቹ የት እንዳሉ ጠይቄ አብሬ ወስጃቸዋለሁ። እህቴ ቤት ጓሮ በሸራ ተሸፍነው ተቀምጠዋል። እናንተም ስትገዙ ወንበሮቹን አብራችሁ ጠይቁ።