መስቀል አደባባይ ጥግ ያለው ሙዚየም

መግቢያው ነፃ ነው። የመዋጮ ሣጥን አለ፤ አቅማችሁን ጣል አድርጉ። የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የተከፈተው በ2002 ዓ.ም. ነው። በየቀኑ በታክሲ እያለፍኩት የገባሁት ግን ገና ባለፈው ቅዳሜ ነው። አክስቴን አብረን እንሂድ ብላት «እኔ ኖሬዋለሁ፣ አንቺ ሂጂ» አለችኝ።

ደርሶ የመጣ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ አጽሙ ነው። እውነትም ከጅምላ መቃብር የወጣ አጽምና ልብስ ፊት ቆሞ ወሬ የለም። እኔን የያዘኝ ግን ቃላቱ ናቸው። ቢሮ ደብዳቤ ስጽፍ ስለምውል ይሆናል።

የ1966ቱን መፈክር አስቡት፦ «ያለ ምንም ደም፣ ኢትዮጵያ ትቅደም»። ቤት ይመታል፣ አፍ ላይ ይጥማል፣ ሕፃን እንኳ በአንዴ ይይዘዋል። ለካ «ትቅደም» ራሱ መጨረሻው «ደም» ነው! ስንት ዓመት ስሰማው ልብ ያልኩት እዚያ ቆሜ ነው። ኅዳር 1967 ላይ ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች ተረሸኑ። ሬዲዮው «ፖለቲካዊ ውሳኔ» አለው። ሚያዝያ 1969 መንግሥቱ ኃይለማርያም እዚሁ አደባባይ ላይ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች ከሰከሰ። ያኔ ግጥሙም ቀረ።

ከዚያ «ነፃ እርምጃ» መጣ። ቀበሌ ያለ ፍርድ እንዲገድል የተሰጠው ፈቃድ ስሙ ይሄ ነው። ነፃ! የሰፈር ልጅ «አናርኪስት» ይሆናል። ከዚያ «እርምጃ ተወሰደበት» ይባላል። ማን ወሰደ? ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ገዳይ የለም። አስከሬን ለመውሰድ የጥይቱን ዋጋ ክፈሉ ሲባል ግን ቋንቋው ግልጽ ነበር።

ብቻችሁን አትዙሩ፣ አስጎብኚ ጠብቁ። ከዚያ ዘመን እስር የተረፉ አሉበት። እኔን ያስጎበኙኝ ጋሼ «እርምጃ» የምትለዋ ቃል ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ሕፃን ይዛችሁ ባትሄዱ ይሻላል። እኔ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ።

ሰኞ ቢሮ ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ደብዳቤ ፊርማ ይጠብቃል፦ «በ5 ቀን ውስጥ ካላጠናቀቁ አስፈላጊው እርምጃ ይወሰዳል»። አርብ ዕለት ራሴ ነኝ የጻፍኩት። «ውሉን እናፈርሳለን» ብዬ ቀየርኩትና ለአለቃዬ አስገባሁ።

«አስፈራሪነቱ ቀነሰ» ብሎ መለሰልኝ።