ቲቸር፣ ስለተቆጣሁ ይቅርታ

ይህን የምጽፈው ልጄን አራተኛ ክፍል ለሚያስተምሩት መምህርት ነው። እዚሁ ጎንደር፣ ቀሃ አካባቢ ያስተምራሉ። «ስሜ አይነሳ» ስላሉ አልጠራቸውም። ልጆቹ ቲቸር ነው የሚሏቸው።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ልጄ ጫማው አቧራ ለብሶ መጣ። «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» አልኩት።

«ሃይላንድ ለቀምን።»

ደሜ ፈላ። ቀድሞ የነበረበት ትምህርት ቤት ግቢ ያስጠርጓቸው ነበር፤ ለምን እንደሆነ የነገራቸው የለም። ይሄም ያው መሰለኝ። በማግስቱ ሥራዬን ትቼ ሄድኩ።

ቲቸር አልተከራከሩኝም። የልጄን ደብተር ከፍተው ሰጡኝ። ልጆቹ አምስት አምስት ሆነው፣ ጓንት አድርገው፣ በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ የወደቀውን ለቅመዋል። ሃይላንዱ ለብቻ፣ ፌስታሉ ለብቻ። በሂሳብ ክፍለ ጊዜ ቆጥረው ግራፍ ሠርተውበታል። በአማርኛ ደግሞ ለቀበሌ ደብዳቤ ጽፈዋል። የልጄ ደብዳቤ ሁለት መስመር ናት፦ «የኛ ቡድን 64 ሃይላንድ ለቀመ። የቆሻሻ ገንዳው ሩቅ ነው።» እኔ ለቀበሌ ማመልከቻ ስጽፍ አንድ ገጽ ሞልቼም ጉዳዬ አይገባቸውም!

በአካባቢ ሳይንስ የሙዝ ልጣጭና ፌስታል ግቢ ውስጥ ቀበሩ። በወሩ ሲቆፍሩ ልጣጩ ከአፈሩ አይለይም። ፌስታሉ እንደተቋጠረ ወጣ። ያን ቀን ልጄ እራት ላይ እጁን ሳይታጠብ ይተርክልን ጀመር። መዋኛው ውሃ የሚመጣለት ከቀሃ ወንዝ መሆኑንም ነግረዋቸዋል። «ፌስታሉ ሁሉ ወንዙ ቢገባ፣ በምኑ ልንጠመቅ ነው?» አለኝ።

አባቴ ጡረታ የወጣ ሳኒታሪያን፣ የአካባቢ ንጽህና ባለሙያ፣ ነው። ነገሩን ስነግረው ሳቀብኝ። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተማሪ ነበር። ጤና መኮንኑ፣ ነርሷና ሳኒታሪያኑ አብረው ገጠር ወርደው እያገለገሉ ነበር የሚማሩት። «እኔ ሽንት ቤት እያስቆፈርኩ ተምሬ አንተን አሳደግሁ፤ ልጅህ ሃይላንድ ቢለቅም ምን ይሆናል?» አለኝ።

አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ቀድመው ለወላጅ ቢነግሩን ጥሩ ነበር። አሁን ወረቀት ይልካሉ። ገንዳው ግን እስካሁን አልቀረበም።

ልጅ የምታስተምሩ ካላችሁ ሄዳችሁ አነጋግሯቸው። ትምህርት ቤቱን በውስጥ መስመር እነግራችኋለሁ። ስትሄዱ ግን ጓንት ያዙላቸው፤ ከኪሳቸው ነው የሚገዙት።