ማር ጎራሚ፦ ለ60 ሊትር የጋራ አኳሪየም መገዛት ያለበት ትንሽ ጎራሚ

የጌጥ ዓሣ ሱቅ ገብቶ «ትንሽ ጎራሚ አለ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርቡለት ሦስት ናቸው፦ ድዋርፍ ጎራሚ፣ ሃኒ ጎራሚ የሚባለው ማር ጎራሚ እና ስፓርክሊንግ ጎራሚ። ዓይን የሚይዘው ድዋርፉ ነው፤ ወንዱ ቀይና ሰማያዊ መስመሩ ከሩቅ ያብረቀርቃል። ማር ጎራሚው ግን ከጥግ ተሸሽጎ፣ ፈዞ፣ ግራጫ መስሎ ይገኛል። ስለዚህ ገዢው አልፎት ይሄዳል። የተለያየ ዓሣ አብሮ ለሚኖርበት ትንሽ አኳሪየም ትክክለኛው ምርጫ ግን ይሄ የታለፈው ነው።

ማር ጎራሚው የፈዘዘው ታሞ አይደለም። መንገድ ላይ ቆይቷል፣ መብራቱ በርትቶበታል፣ የሚደበቅበት ቅጠል የለውም። ተክል ያለበት ረጋ ያለ ውሃ ውስጥ ከገባ በሁለትና በሦስት ሳምንት ወንዱ የማር መልክ ይይዛል። ለመራባት ሲዘጋጅ ደግሞ ከአገጩ እስከ ሆዱ ወደ ጥቁር የሚያደላ ሰማያዊ ይሆናል፣ የጀርባ ክንፉ ጫፍ ቢጫ ያወጣል። ያንን ለውጥ ያየ ሰው ሱቅ ውስጥ ያለፈበትን ቀን ይቆጨዋል። ሴቷ ከዓይኗ እስከ ጭራዋ የሚዘልቅ ቡናማ መስመር አላት፤ ነገር ግን የደነገጠ ወንድም ያንኑ መስመር ያሳያል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ወንድና ሴት ለይቶ አንድ ጥንድ ለመግዛት ከመድከም 4 ወይም 5 አብሮ መውሰድ ይሻላል።

ሳይንሳዊ ስሙ ትሪኮጋስተር ቹና ነው። የትውልድ ቦታው ሕንድና ባንግላዴሽ ሲሆን ቀስ ብሎ የሚፈስና ሣር የበዛበት ውሃ ይወዳል። ሲያድግ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለ60 ሊትር ልክ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ድዋርፍ ጎራሚን ለምን አንመክርም? መጠኑ አንዱ ምክንያት ነው፤ ወንዱ ከ7 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፣ ቦታ ይይዛል፣ ሁለት ወንድ በ60 ሊትር ውስጥ ከተገናኘ ደካማው ጥግ ተይዞ ይሞታል። ዋናው ችግር ግን በሽታ ነው። በእርባታ ጣቢያዎች የተስፋፋ ኢሪዶቫይረስ የሚባል ቫይረስ ድዋርፍ ጎራሚን ያጠቃል፣ መድኃኒትም የለውም። ዓሣው ይጠቁራል፣ ምግብ ይተዋል፣ ሆዱ ያብጣል፣ ቆዳው ላይ ቁስል ይወጣል፣ ከዚያ ያልቃል። ገንዘቡን አውጥቶ ዓሣው ዓይኑ እያየ ሲያልቅበት ማየት ያሳዝናል። የግድ ድዋርፍ ካልሆነ ለሚል ሰው፦ አንድ ወንድ ብቻ ይግዛ፣ ቢያንስ 4 ሳምንት ለብቻው ያቆየው፣ ለእሱ የተጠቀመበትን መረብ ለሌላው አይጠቀም።

ስፓርክሊንጉ ውብ ነው። 3 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ሆኖ ሲጣላና ሲራባ የሚያወጣው ድምፅ ከመስታወቱ ውጭ ይሰማል። ግን ዓይን አፋር ነው፤ ፈጣን ዓሣ ካለበት ምግብ አይደርሰውም። እሱ ለብቻው የሚቀመጥ ዓሣ ነው።

አንድ ማታለያ ይታወቅ። «ሰንሴት» ወይም «ቀይ ማር» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ማር ጎራሚ አይደለም። አንዳንዴ ከንፈረ ወፍራሙ ትሪኮጋስተር ላቢዮሳ ነው፤ እሱ 8 እና 9 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሰውነቱ ወፈር፣ ከንፈሩ ጎላ ካለ ይተው።

ወደ ቤቱ እንግባ። 60 በ30 ሴንቲ ሜትር ወለል ያለው መስታወት ይበቃል። ጎራሚ በስንጥቡ ብቻ አይኖርም፤ ከጭንቅላቱ ውስጥ ባለ የአየር መተንፈሻ አካል ከውሃው ፊት አየር ይጎርሳል። ቀረብ ብሎ ላየው፣ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ አፉን አንዴ ይከፍታል፣ ትንሽ አረፋ ትቶ ይመለሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻ ከተማ ሩብ ያህል ያንሳል። ጎራሚ ይሄ ብዙ አይከብደውም፤ አብሮት የሚኖረው ቴትራ የሚባለው ትንሽ ዓሣ ግን ይከብደዋል። ስለዚህ አየር የሚነፋ ፊልተር ለሁሉም ያስፈልጋል።

ለዚህ ከስፖንጅ ፊልተር የተሻለ የለም። ጀርባ ላይ የሚንጠለጠለው ፊልተር ውሃውን እንደ ፏፏቴ ይለቀዋል፤ ጎራሚው ቀኑን ሙሉ ከሞገድ ጋር ሲታገል ይደክማል፣ ወንዱ ለእንቁላሉ የሚሠራውም የአረፋ ጎጆ ይፈርሳል። ስፖንጁ በአየር ፓምፕ ይሠራል፣ ውሃውን አያናውጥም። ቱቦው መሐል ላይ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያደርገው ትንሽ ቫልቭ ይግባ፤ ያለ እሱ መብራት ሲጠፋ ውሃው በቱቦው ተስቦ ፓምፑን ያበላሻል፣ ወለሉንም ያርሳል። ስፖንጁ በየ2 ሳምንቱ ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ ባልዲ ውስጥ ይጨመቃል። በቧንቧ ውሃ ካጠባችሁት ክሎሪኑ የዓሣውን ቆሻሻ የሚያጠራውን ጠቃሚ ባክቴሪያ ይገድለዋል፤ ውሃው በሚቀጥሉት ቀናት ከቆሻሻው በሚወጣ አሞኒያ ይመረዛል።

ሙቀቱ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ይሁን። የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት ክፍሉ ከ20 ዲግሪ በታች በሚወርድበት ቤት 50 ዋት ማሞቂያ አይበቃም፤ 100 ዋት ይገዛ። ክዳኑ ደግሞ ጌጥ አይደለም። በውሃውና በክዳኑ መካከል 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ተትቶ ይከደናል። ጎራሚው የሚጎርሰው አየር ሞቅ ያለና እርጥብ መሆን አለበት፤ ቀዝቃዛ አየር መተንፈሻውን ይጎዳዋል። መብራት ለሰዓታት ሲጠፋ መስታወቱን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ መጠቅለልና ምግብ መከልከል ይበቃል፤ ከላይ ግን አየር ይግባበት።

ከተክል ጃቫ ፈርንና ክሪፕቶኮሪን ለጀማሪ ይሆናሉ። ከላይ ተንሳፋፊ ተክል ያስፈልጋል፤ የውሃውን ፊት ግማሽ ሸፍኖ ግማሹን ለመተንፈሻ ይተው። ሲበዛ የሚነሳው ይድረቅና ቆሻሻ ውስጥ ይጣል እንጂ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ቦይ አይሂድ። እምቦጭ በጣና ላይ ያደረገውን ሁላችንም እናውቃለን።

ስህተት የሚበዛው ጓደኛ ምርጫ ላይ ነው። የማር ጎራሚ የሆድ ክንፎች እንደ ክር ቀጭን ናቸው፤ ቅጠሉን፣ ድንጋዩን፣ ሌላውን ዓሣ በነሱ እየዳሰሰ ይለያል። ታይገር ባርብና ሰርፔ ቴትራ እነዚህን ክሮች ይነክሳሉ። ቤታ የሚባለው ዓሣ ደግሞ የጎራሚ ዘመድ ቢሆንም አይታገሠውም። ለ60 ሊትር 4 ማር ጎራሚ፣ 8 ኢምበር ቴትራ ወይም ሃርለኪን ራስቦራ፣ ከታች 6 ፒግሚ ኮሪዶራስ ይበቃሉ። ከዚህ በላይ አይጨመር።

ማር ጎራሚ ቀስ ብሎ ይበላል። ቴትራዎቹን በአንድ ጫፍ አስቀድሞ መመገብ፣ ከዚያ ከ30 ሰከንድ በኋላ በሌላው ጫፍ በጣት የተፈጨ ስስ ምግብ ለጎራሚው መጣል ጥሩ ዘዴ ነው። በቀን ሁለቴ፣ በአንድ ደቂቃ የሚያልቀውን ያህል ብቻ። ዳፍኒያ የሚባለውን በበረዶ ደርቆ የሚሸጥ ጥቃቅን የውሃ እንስሳ በሳምንት ሁለቴ ቢያገኝ ቀለሙ ይደምቃል።

ዓሣውን ከመግዛታችሁ በፊት አኳሪየሙ ዝግጁ ይሁን። ዓሣ ሳይገባበት በየቀኑ ቁንጥር ምግብ እየተጣለ፣ ፊልተሩ እየሠራ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። የውሃ መመርመሪያው ዓሣ የሚመርዙት አሞኒያም ናይትራይትም 0 መሆናቸውን ሲያሳይ ነው ዓሣ የሚገባው። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሩቡ ውሃ በክሎሪን ማጥፊያ በታከመና ሙቀቱ በተስተካከለ ውሃ ይለወጣል።

ሱቅ ውስጥ ዓሣው ሲበላ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ሆዱ የገባ፣ ክንፉን አጣብቆ ጥግ የተቀመጠ፣ ከፊንጢጣው ቀይ ክር የመሰለ ትል የወጣበት ዓሣ ካለ ከዚያው መስታወት ምንም አትግዙ፤ ትሉ ካማላኑስ ይባላል፣ ሌላውንም ይይዛል። ቤት ስትደርሱ ፌስታሉ 20 ደቂቃ ውሃው ላይ ይንሳፈፍ፣ ከዚያ በየ5 ደቂቃው ግማሽ ኩባያ የአኳሪየሙ ውሃ ይጨመርበት፤ አራት ጊዜ ይበቃል። የፌስታሉ ውሃ ወደ አኳሪየሙ አይገባም፣ ዓሣው ብቻ በመረብ ይወሰዳል። የዚያን ቀን መብራቱ ጠፍቶ ይቆያል፣ ምግብም እስከ ማግሥቱ አይሰጥም።