ፌስታል ላይ የተለጠፈ «ሐላል»፦ አዳማ ላይ በኪሎ ጄሊ የምትገዙ ተጠንቀቁ

ዒድ ሲቃረብ የጄሊ ከረሜላ ገበያ ይደራል። ከዋናው ማሸጊያ ወጥቶ፣ በኪሎና በግማሽ ኪሎ ተመዝኖ፣ በሚያሳይ ፌስታል ታስሮ፣ አረንጓዴ «ሐላል» ስቲከር ተለጥፎበት ከመጣ አትግዙት። ዋጋው ስቲከር ከሌለው ይበልጣል፤ ሻጩም «የቱርክ ነው» ይላችኋል። የጨመራችሁት ብር የወረቀቱ ዋጋ ነው። ያንን ወረቀት ማንኛውም ማተሚያ ቤት በጥቅል ያትመዋል።

ጄሊን ከሌላው ከረሜላ ለይተን የምናነሳው በጀላቲን ምክንያት ነው። ጥርስ ላይ የሚለጠጠው እሱ ነው፤ የሚወጣው ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ሲሆን አውሮፓ ውስጥ ለምግብ የሚሠራው በአብዛኛው ከአሳማ ቆዳ ነው። ማርሽማሎም ያው ነው። የጀርመኑን የከረሜላ ድርጅት ሀሪቦን እንውሰድ፦ ጀርመን የሚመረተው የድብ ቅርጽ ያለው ጄሊ የአሳማ ጀላቲን አለው፣ ቱርክ ያለው ፋብሪካ ደግሞ በከብት ጀላቲን ለሐላል ገበያ ያመርታል። ስሙም መልኩም አንድ ነው። «ሀሪቦ ሐላል ነው?» ብሎ መጠየቅ ስለዚህ የትም አያደርስም፤ መጠየቅ ያለበት የትኛው ፋብሪካ እንደሠራው ነው። ይህን የሚናገረው ደግሞ ፌስታል ውስጥ ሲገለበጥ የተጣለው ማሸጊያ ነው። ከአውሮፓ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣውንም በዚሁ ዓይን እዩት።

ባርኮድ አይረዳችሁም። በ869 የሚጀምር ቁጥር የሚያሳየው ድርጅቱ ቁጥሩን ከቱርክ መዝገብ መውሰዱን ነው እንጂ ከረሜላው የት እንደተሠራ አይደለም።

«ሙቅ ውኃ ውስጥ ከሟሟ የአሳማ ነው» የሚባለውም ከንቱ ነው። ጀላቲን ከከብትም ይምጣ ከአሳማ ሙቀት ሲነካው ይለሰልሳል። በአዳማ ፀሐይ እርስ በርሱ ተጣብቆ አንድ ድቡልቡል የሆነ ጄሊ ብታዩ፣ ያ የሚነግራችሁ የአቀማመጡን ጉድለት ብቻ ነው።

ማሸጊያው እጃችሁ ከገባ መጀመሪያ የይዘት ዝርዝሩ ላይ ጀላቲንን ፈልጉ። የእንስሳው ስም ካልተጻፈ ተዉት። «የከብት» ቢልም ስለ አስተራረዱ የሚመሰክር ምልክት ከሌለበት ነገሩ አላለቀም። ፔክቲን (ኢ440)፣ አጋር (ኢ406) ወይም ስታርች ብቻ ከሆነ የሚያረጋው ነገር ከዕፅዋት ነው፤ «ኢ» ያለበት ቁጥር ምግብ ውስጥ የሚጨመር ነገር መለያ ነው። በቴሌግራም የሚዞረው ዝርዝር ጀላቲንን ኢ441 ይለዋል፤ የአውሮፓ ማሸጊያ ግን ጀላቲንን በስሙ ነው የሚጽፈው። 441ን አጥቶ «ንጹሕ ነው» ብሎ ልጁን የሚያጎርስ ብዙ ሰው አለ።

ቅባትና ውኃን የሚያዋህደው ኢ471 ከዘይትም ከእንስሳ ስብም ሊሠራ ይችላል፤ «ከዕፅዋት» የሚል ቃል አብሮት ከሌለ አጠራጣሪ ነው። ኢ120 ቀዩ ቀለም ነው፤ ትግራይ ውስጥ በለሱን የጨረሰው ኮቺኒል የተባለው ተባይ ተፈጭቶ የሚገኝ። የከረሜላውን ቆዳ የሚያብለጨልጨው ኢ904ም ከተባይ የሚገኝ ሙጫ ነው። በሁለቱ ላይ ዑለማዎች ስለሚለያዩ የምትከተሉትን ኡስታዝ ጠይቁ። ከዓረብ አገርና ከህንድ የሚመጣው ማሸጊያ ላይ «ኢ» ፊደሏ ላትኖር ትችላለች፤ ቁጥሩ ግን ያው ነው።

ቸኮሌት ላይ ሰው ከሚገባው በላይ ይፈራል። ተራው ቸኮሌት ላይ የምታዩት ማዋሃጃ፣ ኢ322 (ሌሲቲን)፣ ብዙውን ጊዜ ከአኩሪ አተር ወይም ከሱፍ ነው፤ ኢ476 ደግሞ በተለምዶ ከጉሎ ዘይት ይሠራል። ስዊዘርላንድ በርን ከተማ ያለው የቶብለሮን ቸኮሌት ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 የሐላል ማረጋገጫ ሲያገኝ የቸኮሌቱ አሠራር አልተቀየረም። መጠንቀቅ ያለባችሁ ውስጡ የተሞላውን ነው፦ ራም፣ ብራንዲ፣ ኪርሽ፣ ሊከር የሚል ቃል ካለበት አልኮል ነው። ሞን ሼሪ የሚባለው ቸኮሌት በሚያምር ወረቀት ስለተጠቀለለ ለእንግዳ ይቀርባል፤ ውስጡ ያለው ግን ሊከር ነው።

እውነተኛ ምልክት ማሸጊያው ላይ አብሮ የታተመና ያረጋገጠውን አካል ስም የያዘ ነው። የማሌዥያ መንግሥት የእስልምና ጉዳዮች መሥሪያ ቤት የሆነው ጃኪም ለምሳሌ ያረጋገጣቸውን ምርቶች በድረ ገጹ ስለሚያወጣ በስልክ መፈለግ ይቻላል። በዓረብኛ «ሐላል» ብቻ ተጽፎ ማን እንዳረጋገጠው ካልተገለጸ ግን የአምራቹ ቃል ብቻ ነው።

ሱቅ ስትገቡ ካርቶኑን ጠይቁ። ጅምላ ሻጭ ከሆነ ከመጋዘኑ አያጣውም፤ «ጥለነዋል» ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ካርቶኑ ከመጣ የይዘቱን ዝርዝር ፎቶ አንሱና በስልካችሁ ካሜራ አስተርጉሙት፤ ቱርክኛውንም ጀርመንኛውንም በደህና ያነበዋል። ከዚያ ካርቶኑ ላይ ያለው ሥዕል እውነት ከምትገዙት ከረሜላ ጋር አንድ መሆኑን እዩ፤ የአንዱን ካርቶን አሳይቶ ሌላውን መመዘን የተለመደ ነው።

ደረሰኝ መቀበልም አትርሱ። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ነጋዴው ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። የተሳሳተ ስቲከር ተለጥፎ ከተሸጠላችሁ ፌስታሉን ከነስቲከሩና ከነደረሰኙ ሳትከፍቱ ይዛችሁ ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ ከተከፈተ በኋላ ሻጩ «ስቲከሩን እኔ አልለጠፍኩም» ማለት ይቀለዋል።