ባሕር ዳር ኩላሊት እጥበት ለምትፈልጉ፦ ማሽኑ ጥሩ ነው፣ ስኳሩን ግን የሚያይ የለም

አባዬ ስኳርም የኩላሊት ድካምም አለበት። የሚታጠብበትን ማዕከል ስም አልጠራም። ግን ከዘጌ በጀልባ፣ ከገጠር በመኪና ሕመምተኛ ይዛችሁ የምትመጡ ብዙ ናችሁና ያየሁትን ልንገራችሁ።

እጥበቱ በሳምንት 3 ቀን፣ በየጊዜው 4 ሰዓት ያህል ነው፤ ወረፋም ይከበራል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ወዲያው ይነሳል። ነርሶቹ ደግሞ እጃቸው ይባረክ! ፊስቱላ ማለት ክንድ ላይ ደም ቅዳና ደም መልስ ሥሮችን በኦፕራሲዮን አገናኝተው የሚሠሩት መግቢያ ነው፤ እሱ ከተበላሸ እጥበቱም ይስተጓጎላል። ሲስተሯ ሳትወጋ በፊት ሁሌም እጇን አሳርፋ ንዝረቱን ታያለች። «አባባ፣ በዚህ ክንድ ግፊት እንዳያስለኩ፣ ደም እንዳያስቀዱ፣ ተጭነውትም እንዳይተኙ» ትለዋለች። ይሄን ሌላ ቦታ ማንም አልነገረንም ነበር።

የከፋኝ የስኳሩ ነገር ነው። ኩላሊት ሲደክም ሰውነት ለኢንሱሊን አልታዘዝ ይላል፤ ስኳር በሽታ የሌለበት ታካሚ ላይም ይመጣል። ኢንሱሊን ደግሞ ሥራው ስኳርን ወደ ጡንቻ ማስገባት ብቻ አይደለም፣ የደም ሥር ግድግዳ ዘና እንዲልም ያግዛል፤ ይሄ ሲጓደል ሥሩ እየጠበበና እየደረቀ ይሄዳል፣ ፎስፌት የሚባለው ማዕድን ሲጠራቀም ደግሞ ካልሲየም ግድግዳው ላይ ይጋገራል። የዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ታካሚዎችን በብዛት የሚገድለው የልብና የደም ሥር ሕመም መሆኑን ስታውቁ፣ ይሄን ችላ ማለት እንዴት እንደሚያበሳጭ ይገባችኋል።

በሌላ በኩል ኢንሱሊንን ከሰውነት የሚያስወግደው በከፊል ኩላሊት ራሱ ነው። ስለዚህ የተወጋው መድኃኒት ቶሎ አይወጣም፣ ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል። አባዬን እጥበት መሀል ላይ አላበው፣ ተንቀጠቀጠ። «ግፊት ነው» አሉ። እባካችሁ ስኳሩን ለኩት ብዬ ስጮህ ነው መውረዱ የታወቀው። አሁንም ካልጠየቅኩ አይለኩም! የ3 ወሩን የስኳር ምርመራ አይተው «ጥሩ ነው» ይላሉ። ግን ምርመራው የሚለካው ቀይ የደም ሴል ላይ የተጣበቀውን ስኳር ነው፤ ዲያሊሲስ ላይ ያለ ሰው ቀይ የደም ሴሉ ዕድሜው ስለሚያጥር ያ ውጤት ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል።

ስለ ምግብ የሚያማክር ባለሙያም የለም። በሩ ላይ ጁስ ቤት አለ፣ ከእጥበት የወጣ ሰው አቮካዶና ማንጎ ስፕሪስ ይዞ ሲቀመጥ አያለሁ፤ ስኳሩ አንድ ነገር ነው፣ ፖታሲየሙ ደግሞ የልብ ምት ሊያዛባ ይችላል። ኮካም ፎስፌቱን ይጨምራል። የጣና ዓሣ ግን አትከልክሏቸው፤ እጥበቱ ፕሮቲን ስለሚወስድባቸው፣ ጨው ያልበዛበት ቆሮሶ ጥብስ በልኩ ቢበሉ ይጠቅማቸዋል። ሐኪማቸውን ግን ጠይቁ።

ለማሽኑና ለነርሶቹ ከ5 አምስቱንም እሰጣለሁ። ለስኳርና ለምግብ ክትትሉ ከ1 በላይ አልሰጥም። የምትሄዱ ከሆነ የስኳር መለኪያችሁን ያዙና ከእጥበቱ በፊትም በኋላም ለኩ። የሄፓታይተስና የኤችአይቪ ምርመራ ውጤትም አትርሱ፣ ያለሱ ማሽን ላይ አያስገቡም።