አሚትራዝ 12.5% ለውሻ፦ መዥገርን ያረግፋል፣ ቁንጫን ግን አይነካም

ፒያሳ፣ አራት ኪሎ ወይም ካዛንቺስ ግቢው ውስጥ ውሻ ያለው ሰው የእንስሳት መድኃኒት ቤት ገብቶ «ውሻዬ ሲያክ ውሎ ሲያክ ያድራል» ሲል፣ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ አሚትራዝ 12.5% ነው። መግለጫው አብዛኛውን ጊዜ የተጻፈው ለከብት ስለሆነ ገዢው አጠቃቀሙን በግምት ይሞላዋል። ለመዥገርና ለእከክ በትክክል ከተበጠበጠ በጣም ጥሩ መድኃኒት ነው፤ 100 ሚሊ ሊትር ብቻ 50 ሊትር መንከሪያ ያወጣል። ቁንጫ ላይ ግን አይሠራም። «ለቁንጫም ለመዥገርም ነው» ተብሎ ሲሸጥ ሰው ብሩን ያባክናል፣ ውሻውም መከራውን ይቀጥላል።

ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ውሻውን ይፈትሹ። ከጅራቱ ሥር ፀጉሩን ገልጠው ጥቁር ፍርፋሪ ካገኙ እርጥብ ነጭ ሶፍት ላይ ያድርጉትና ጥቂት ይጠብቁ። ዙሪያው ቀላ ያለ ቡናማ ቀለም ከለቀቀ የቁንጫ ኩስ ነው፤ ያ ቀለም ቁንጫዋ የጠጣችው ደም ነው። አፈር ከሆነ እንዲህ አይቀላም። መዥገር የሚገኘው ጆሮ ውስጥ፣ አንገት ሥርና በጣቶች መሃል ነው። የጆሮው ጠርዝና ክርኑ ቅርፊት ይዞ ፀጉሩ ከረገፈ፣ በተለይ የቤቱ ሰዎችም ማከክ ከጀመሩ፣ እከክ ይጠረጠራል፤ ይህን የሚያረጋግጠው ቆዳውን ፍቆ በማይክሮስኮፕ የሚያይ ሐኪም ነው። ከቆላ ገጠር የመጣ ውሻ መዳፉ ላይ መሃሏ የጠቆረ ነጭ እብጠት ካለ ሙጃሌ ልትሆን ትችላለች። እሷም የቁንጫ ወገን ስለሆነች ወደ ሐኪም እንጂ ወደዚህ ጠርሙስ አይሂዱ።

አበጣበጡ እንዲህ ነው። ለመዥገር በ1 ሊትር ውሃ 2 ሚሊ ሊትር። ለመካከለኛ ውሻ ሁለት ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ለብ ያለ ውሃ ይበቃል፤ ለዚያ 8 ሚሊ ሊትር መድኃኒት ማለት ነው። ለእከክ ሐኪሙ መጠኑን ወደ 4 ሚሊ ሊትር በሊትር ከፍ ሊያደርገውና በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ እንዲደገም ሊያዝ ይችላል። የሚለካው መርፌው በወጣለት ሲሪንጅ ነው። በክዳን መለካት ትልቁ ስህተት ነው፤ የክዳኑ መጠን ከጠርሙስ ጠርሙስ ይለያያል። መድኃኒቱን መጀመሪያ በትንሽ ውሃ ይበጥብጡት፤ ወተት ጠብ እንዳለበት ውሃ ወዲያው መንጣት አለበት። ካልነጣ ወይም ዘይት ሆኖ ከተንሳፈፈ ተበላሽቷልና ይተዉት።

ውሻውን አስቀድመው በሳሙና አጥበው በፎጣ ያድርቁት። ዓይኑ ዙሪያ ቫዝሊን ይቀቡለት። ከዚያ ጓንት አድርገው በስፖንጅ ከአንገቱ እስከ ጅራቱ፣ ብብቱን፣ የጣቶቹን መሃል ሳይቀር እስከ ቆዳው ያርሱት። በውሃ አይለቀለቅም፤ እንዲሁ ይደርቃል፣ እስኪደርቅም ሰውነቱን እንዳይልስ አጠገቡ ይሁኑ። ፀሐይ ስትሞቅ፣ ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ቢሆን ይመረጣል። አሚትራዝ የልብ ምትንና የሰውነት ሙቀትን ዝቅ ያደርጋል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ባለ ከተማ ውስጥ ክረምት ማታ ነክሮ ደጅ ማሳደር ውሻውን ለአደጋ መስጠት ነው። በዚያው ቀን ትንሽ ቢፈዝ የተለመደ ነው። ከተንገዳገደ፣ ካስመለሰው ወይም ሰውነቱ ከቀዘቀዘ ግን ወደ ሐኪም ይሮጡ።

ከ4 ወር በታች ላለ ቡችላ፣ ለድመት፣ ለታመመ ወይም ስኳር ላለበት ውሻ አይሆንም። ስኳር ያለበት ሰውም ባይነካው ይሻላል፤ የደም ስኳር ይጨምራል። ፈሳሹ እሳት ስለሚይዝ ከሰል አጠገብ አይክፈቱት። የተበጠበጠው ለነገ አይቀመጥም፤ ኃይሉን ያጣል።

አጥብቀን የምናሳስበው ነገር አለ። በሌላ ብልቃጥ ተቀንሶ፣ ስም ሳይጻፍበት የሚሰጥ መድኃኒት አይቀበሉ። ዳያዚኖን 60% የሚባለው የከብት መድኃኒትም ውሃ ሲነካው እንደዚሁ ይነጣል። በስህተት እሱን በሊትር 2 ሚሊ ሊትር ከበጠበጡት ለከብት ከሚታዘዘው እጥፍ ይሆናል፤ ውሻው ምራቁን ያዝረከርካል፣ ይንቀጠቀጣል። ለዳያዚኖን መርዝ የሚሰጠው አትሮፒን ነው፤ ለአሚትራዝ ግን አትሮፒን ማርከሻው አይደለም፣ ሊጎዳም ይችላል። ሐኪም ጋ ሲሄዱ ጠርሙሱን ይዘው ይሂዱ የምንለው ለዚህ ነው። ነጭ ጋዝ መቀባትማ ቆዳውን ያቃጥላል፣ ሲልሰውም ይመርዘዋል።

ቆዳ ላይ የተጣበቀ መዥገር ካለ በወረንጦ ከቆዳው ሥር ይዘው በቀጥታ ወደ ላይ ይሳቡት። በክብሪት መለብለብ፣ በጣት መጭመቅ የለም። የውሻ መዥገር ደም ጠግቦ ሲወርድ ግድግዳ ላይ ይወጣና ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፤ አንዷ ሴት በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ስለዚህ የበሩን መቃን ጀርባና የጣውላውን ክፍተት ይፈትሹ፤ የጭቃውን ግድግዳ ስንጥቅ ይምረጉት። ይህ ካልተሠራ ነከራው ምንም ያህል ቢደጋገም መዥገሩ ይመለሳል።

ፍተሻው ቁንጫ ካሳየ መግዛት ያለብዎ ፊፕሮኒል ነው፤ ትከሻው መሃል ቆዳው ላይ የሚንጠባጠበው። ከ2 እስከ 10 ኪሎ ለሚመዝን 0.67፣ እስከ 20 ኪሎ 1.34፣ እስከ 40 ኪሎ 2.68 ሚሊ ሊትር። መድኃኒቱ ከመንጠባጠቡ በፊት ሁለት ቀን፣ ከተንጠባጠበም በኋላ ሁለት ቀን ውሻው አይታጠብ። የሚተኛበትን ጆንያ በፈላ ውሃ ይቀቅሉ፣ ጭዱን ያቃጥሉ፣ ወለሉን በየቀኑ ይጥረጉ፤ ከቁንጫው አብዛኛው በእንቁላልና በትል መልክ ያለው እዚያ ነውና። ከ2 ወይም 3 ሳምንት በኋላ አዲስ ቁንጫ ካዩ መድኃኒቱ ከሽፏል ብለው አይጣሉት፤ የቁንጫ ትል ራሷን ከምትጠቀልልበት፣ መድኃኒት ከማይገባው ድር ውስጥ ተፈልፍለው የወጡት ናቸው።