ዘጠነኛ ፎቅ ከመከራየትዎ በፊት ሊፍቱን ይዩ

ደላላ ቤት ሲያሳይ ቀጥ ብሎ ወደ በረንዳ ነው የሚወስደው። "እዩት እስቲ፣ ከተማው በሙሉ ከእግርዎ ሥር ነው" ይላል። አልዋሸም። እኔ የምኖረው ከአያት ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጂ ፕላስ 12 የሆነ አፓርታማ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው። ተከራይ ነኝ። ከበረንዳዬ የሚታየው ነገር በእርግጥ ያምራል። ዛሬ የምገመግመው ግን ሊፍቱን ነው። ከተማ ዳር፣ ረጅም ሕንፃ ላይ የሚኖር ሰው ውሎና አዳሩን የሚወስንለት ሊፍቱ ነው። ሳሎኑ፣ ሴራሚኩ፣ የኪችን ካቢኔቱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። የሕንፃውንም የጥገና ድርጅቱንም ስም አልጠራም፤ አብረን እየኖርን ነው።

ከጥሩው ልጀምር። ሊፍቱ አይንቀጠቀጥም፣ አይጮህም። ከምድር እስከ ዘጠነኛ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ነው የሚፈጅበት። ሲቆም ከወለሉ ጋር ልክክ ይላል። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። እህቴ ያለችበት ሕንፃ ሊፍቱ ሁልጊዜ አራት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ነው የሚቆመው፤ እንግዳ ሁሉ ተደናቅፎ ነው የሚገባላት። የኛ መስታወትም አለው። ጠዋት ነጠላዬን የማስተካክለው እዚያ ነው።

በሩ አጠገብ ያለው ጽሑፍ "8 ሰው፣ 630 ኪሎ" ይላል። በዚህ መጠን የሚሠሩ ሊፍቶች ውስጣቸው በአብዛኛው 1 ሜትር ከ10 በ1 ሜትር ከ40 ነው። ስምንት ሰው ወረቀት ላይ ነው የሚገባው። አምስት ሰው ፌስታል ይዞ ከገባ ስድስተኛው "እናንተ ቅደሙ" ብሎ ይቀራል። ማታ 12 ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ ከሥራ ሲገባ፣ ታች ያለው ሰልፍ የታክሲ ሰልፍ ነው።

በፕላኑ ላይ ሁለት ሊፍት ነበረው። ሁለተኛው ጉድጓድ አለ፤ በየፎቁ በሩ በኮምፖርሳቶ ተከድኗል። አንዳንዱ ፎቅ ላይ የአበባ ማስቀመጫ ተደግፎበታል። "በቅርቡ ይገጠማል" የተባለው እኔ ከመግባቴ በፊት ነው።

አሁን ወደ መብራቱ። የኪራይ ማስታወቂያው "ስታንድባይ ጀነሬተር ያለው" ይላል። ጀነሬተሩ አለ፤ ሄጄ አይቼዋለሁ፣ ትልቅ ነው። ናፍጣው ግን ነዋሪው ከሚያዋጣው ገንዘብ ስለሚገዛ ኮሚቴው ሰዓት አውጥቶለታል። ጠዋት ከ12 እስከ 3፣ ማታ ከ11 እስከ 2። ከዚያ ውጭ መብራት ከሄደ በእግር ነው። ቀን ላይ ሽንኩርትና ድንች ተሸክሜ መጥቼ የሊፍቱ ቁጥር ጠፍቶ ሳገኘው የምለውን እዚህ አልጽፈውም። ሰባተኛ ፎቅ ደረጃው መታጠፊያ ላይ አንድ ሰው በርጩማ አስቀምጧል። የማን እንደሆነ አላውቅም። እግዜር ይስጠው።

ውሃውም ከመብራቱ ጋር ነው የሚሄደው። ጣሪያ ላይ ያሉትን ሮቶዎች የሚሞላው ፓምፕ ነው። ስለዚህ መብራት ጠፍቶ ረዘም ካለ ሊፍቱም ቧንቧውም አንድ ላይ ያርፋሉ። ያኔ ጀሪካን ተሸክሞ ዘጠኝ ፎቅ የሚወጣ ልጅ ይፈለጋል፤ ልጁም ዋጋውን የሚናገረው ፎቁን ጠይቆ ነው።

እማዬ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው፤ ጉልበቷን ያማታል። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መብራት ሄደና አምስተኛና ስድስተኛ መሀል ቆምን። ጨለማ። የደወሉን ቁልፍ ብጫነው ድምፅ የለም። ስልኬ ኔትወርክ የለውም። እማዬ ክንዴን ጨምድዳ "ገመዱ ተበጥሶ ነው?" አለችኝ። በሩን ስደበድብ ጥበቃው ከታች ሰማን። "አይዞዎት እማማ! በሩን እንዳትነኩት! ደውያለሁ!" እያለ ደረጃውን ሲወጣ ትንፋሹ እኛ ድረስ ይሰማል። ደግ አደረገ። በፎቅ መሀል በቆመ ሊፍት በሩን ፈልቅቆ ለመዝለል መሞከር ነው ሰው የሚገድለው፤ ውስጥ መቀመጥ አይገድልም። ቴክኒሻኑ ከመገናኛ እስኪደርስ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

ልጁ ጎበዝ ነው። ድርጅቱን አላመሰግንም፤ ልጁን ግን አመሰግናለሁ። ጣሪያ ላይ ካለው የሞተር ክፍል ሆኖ ቀስ እያለ ስድስተኛ ላይ አደረሰን። በሩ ሲከፈት እማዬ አማተበች፤ "ልጄ፣ ብንወድቅስ ኖሮ?" አለችው። እሱ ሳቀ።

"እማማ፣ እንኳን ሊወድቅ፣ ፍሬኑን ስለቅለት ወደ ላይ ነው የሄደው።"

እኔም አላመንኩም ነበርና አስረዳን። ከብረት ገመዱ በአንደኛው ጫፍ እኛ የምንገባበት ሳጥን ተንጠልጥሏል፤ በሌላኛው ጫፍ ደግሞ ማመጣጠኛ ብረት አለ። ብረቱ የሚመዝነው ባዶውን ሳጥን ያህል ነው፤ በዚያ ላይ ሲሞላ የሚጭነው ሰው ግማሽ ያህል ክብደት ይጨመርበታል። ሁለት ሰው ብቻ ከሆነ ብረቱ ይከብዳል፣ ሳጥኑ ወደ ላይ ይሳባል። ገመዱ ደግሞ አንድ አይደለም፣ ብዙ ነው። ሁሉም ቢበጠሱ እንኳ ሳጥኑ ከመጠን በላይ ሲፈጥን ሐዲዱን ነክሶ የሚያቆም መያዣ አለ። መያዣው የቆየ ነገር ነው። ኤሊሻ ኦቲስ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1854 ኒውዮርክ ላይ ከፍ ባለ መድረክ ቆሞ፣ ሕዝብ እያየው ገመዱን አስቆረጠ፤ መድረኩ ትንሽ ወርዶ ቀጥ አለ። ረጅም ሕንፃ የሚባለው ነገር ከዚያ ወዲህ ነው ሰው የሚኖርበት የሆነው። እማዬ ይሄን ሁሉ ሰምታ "ታዲያ ደወሉ ለምን አይሠራም?" አለች። ልጁ መልስ አልነበረውም።

መልሱ ባትሪ ነው። ሊፍቱ መብራት ሲሄድ በባትሪ ወደ ቅርብ ፎቅ ሄዶ በሩን የሚከፍት መሣሪያ አለው። ባትሪዎቹ ሞተው ነበር፤ የደወሉም እንደዚያው። የጥገና ድርጅቱ በየወሩ ሰው ይልካል፣ ወረቀት ይፈረማል፣ ግሪስ ይቀባል። ባትሪ ግን ያየ የለም። እኔ ኮሚቴው ስብሰባ ላይ ከጮህኩ በኋላ ተቀየረ። አሁን መብራት ሲሄድ ሊፍቱ ትንሽ ያስብና ወደ ቅርቡ ፎቅ ሄዶ ይከፈታል። በዚህ ሁለት ነጥብ ጨምሬለታለሁ።

ዋጋ። በወር 2,000 ብር የጋራ መጠቀሚያ እንከፍላለን፤ ጥበቃ፣ ጽዳት፣ ሊፍት፣ ናፍጣ ሁሉም ከዚያ ነው። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 በላይ ወጣ። የሊፍት ዕቃ ከውጭ ነው የሚመጣው። መብራት ሲመጣ በኃይል ይመጣና መቆጣጠሪያ ቦርዱን ያቃጥለዋል። ቦርድ ሲቃጠል ኮሚቴው መዋጮ ይጠራል። ቮልቴጅ የሚያስተካክል ዕቃ አስቀድሞ ቢገዛ ይረክስ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አሁን ደስ የማይለውን ልንገራችሁ። አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ አንድ አባት አረፉ። ባልና ሚስቱ በ2016 ፒያሳ ሰፈራቸው ሲነሳ የመጡ ናቸው፤ ቤቱን ውጭ ያለ ልጃቸው ነው የያዘላቸው። የአስከሬን ሳጥኑ ሊፍቱ ውስጥ አልገባም። ሁለት ሜትር የሚጠጋ ሳጥን 1 ሜትር ከ40 ውስጥ እንዴት ይግባ? አቁመን እናስገባው ያሉ ነበሩ። እትዬ ከጥግ ተነስተው "ባሌን እንደ ዕቃ አታቁሙብኝ" አሉ። ማንም መልሶ አልተናገረም። የሰፈሩ ወጣቶች ተሸክመው በደረጃ አወረዱ። በየመታጠፊያው ሳጥኑን ከደረጃው መደገፊያ ብረት በላይ ከፍ አድርገው ነው የሚያዞሩት። አንዱ ከፊት ሆኖ "ቀስ፣ ቀስ" ይላል። ድንኳኑ መኪና ማቆሚያው ላይ ነበር።

ለቴክኒሻኑ ይሄን ስነግረው 13 ሰው ከሚይዘው፣ ከ1,000 ኪሎው ሊፍት ውስጥ ጥልቀቱ 2 ሜትር ከ10 የሆነ ዓይነት እንዳለ ነገረኝ። ቃሬዛ ላይ የተኛ በሽተኛም ይገባል። የሕንፃው ባለቤት አንድ ሊፍት ብቻ ሊገጥም ከነበረ ያንን መግጠም ነበረበት። አሥራ ሁለት ፎቅ ሠርቶ ሰው ይታመማል፣ ሰው ይሞታል ብሎ አለማሰብ አይገባኝም።

ለበዓል ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። "በግ በሊፍት ማስገባት ክልክል ነው" የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ከሥሩ በእስክሪብቶ "ዶሮስ?" ብሎ የጻፈ አለ።

እይታውን እንዳልነፍገው። መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያባራ ጠዋት በረንዳ ላይ ቡና ይዞ መቀመጥ ነው። በስተቀኝ እንጦጦ አለ። ከኪችኑ መስኮት በሌላ በኩል የረር ይታያል። ፊት ለፊት፣ ራቅ ብሎ፣ የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ቆሟል፤ 209 ሜትር፣ የካቲት 2014 የተመረቀው። የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ጥር 2004 ሲመረቅ በከተማው ረጅሙ እሱ ነበር። ቁመቱ 99.9 ሜትር ነው፤ ኅብረቱ እንዲመሠረት ሲርት ላይ የታወጀበትን እ.ኤ.አ. 9/9/1999 ለማስታወስ ሆን ተብሎ የተለካ። በአሥር ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ የሚረዝመው መጣ። ሰንጋ ተራ አካባቢ ባንኮቹ ትከሻ ለትከሻ ገጥመዋል። ማታ ሲበራ ከአያት ሆኖ ማየት ደስ ይላል፤ በተለይ የኛ ሰፈር ጨለማ ከሆነ።

ቀላል ባቡሩ ጥቅምት 2008 አያት ድረስ ሥራ ሲጀምር እዚህ ወዲያ ብዙው እርሻ ነበር። ኮንዶሚኒየሞቹ ጂ ፕላስ 4 ነበሩ፣ ሊፍት የላቸውም፤ የገባው ሰውም አራተኛ ፎቅ በእግሩ እንደሚወጣ አውቆ ነው የገባው። አሁን ክሬን የሌለበት አቅጣጫ የለም። ከኛ ፊት ለፊት አንድ እየወጣ ነው። አሁን ስምንተኛ ላይ ደርሷል፤ እንጦጦን ከጎን መብላት ጀምሯል። አጥሩ ላይ የተሰቀለው ባነር "ሙሉ የከተማ እይታ" ይላል። እይታው የኔ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ቤት ልታዩ ስትሄዱ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ሊፍቱን በጥልቀቱ ለኩት። ደወሉን ተጫኑት፤ ማን መልስ እንደሚሰጥ ስሙ። ጀነሬተር አለ ሲሏችሁ ሰዓቱን ጠይቁ። ከተቻለ መብራት በሄደበት ቀን ሂዱ፤ ደላላው ሰበብ ካበዛ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው። ጥበቃውን አናግሩት። እሱ አይዋሽም፣ ኮሚሽን የለውም።

ነጥቤ ከ10 ስድስት ነው። ባትሪው ከመቀየሩ በፊት አራት ነበር። ወጣት ባልና ሚስት ከሆናችሁ ግቡ። እናት፣ ነፍሰ ጡር ወይም በሽተኛ ካለ ከሦስተኛ ፎቅ በላይ አትከራዩ።

እሑድ የነዋሪዎች ስብሰባ አለ። አጀንዳው ሁለተኛው ሊፍት ነው፤ ባለቤቱ ግማሹን እከፍላለሁ ብሏል፣ ቀሪው ከነዋሪው ይዋጣ ነው። ከአምስተኛ በላይ ያለነው ተስማምተናል። አንደኛና ሁለተኛ ፎቅ ያሉት አንከፍልም ብለዋል። ምድር ላይ ያሉት የፋርማሲው ባለቤት ደግሞ ጭራሽ የናፍጣ መዋጮውም ይቀነስልኝ የሚል ማመልከቻ አስገብተዋል።